መንገዱ ቀደመ ወይስ ቤቱ?

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ቤት ገዛህ ወይ?» የሚለው ከሆነ ሰንብቷል። ጥያቄው ሌሎች ጥያቄዎችን አስከትሎ ይመጣል፤ በስንት ገዛኸው? ወለዱ ስንት ነው? ትምህርት ቤቱስ? ለሥራ ይቀርባል ወይ? «ሌሊት ሌሊት ምን ይሰማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነው። ለቤት ገዢም የሚሠራ ይመስለኛል፤ የገዛ ቤታችንን ድምፅ የምንሰማው ከፊርማው በኋላ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ አንዳንዶቻችሁ «አገር በስንት ነገር ተወጥራ ይህ ሰው ስለ መኪና ጩኸት ይጽፋል» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን የአውራ ጎዳና ጩኸት ታሪክ አለው። ሰዎች ካርታ ዘርግተው የማን ቤት ይነካ፣ የማን ይቅር ብለው የወሰኑት ውሳኔ ስልሳ ዓመት አልፎትም በየመኝታ ቤቱ መስኮት ይሰማል። ቤት ስንገዛ ያንን ውሳኔ አብረን እንገዛለን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ብዙ ወገኖቻችን ቤት ከሚያዩባቸው የኮሎምበስ ዳርቻዎች አንዷን፣ ካናል ዊንቸስተርን፣ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። (በሌላ መልክ ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቦይ የተወለደች ከተማ

ካናል ዊንቸስተር ከኮሎምበስ መሀል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ከፊሏ በፍራንክሊን ከፊሏ በፌርፊልድ ካውንቲ ያረፈች ትንሽ ከተማ ናት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ ከ9,000 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። «ካናል» ማለት ቦይ ነው። የኦሃዮና ኢሪ ቦይ፣ የኢሪን ሐይቅ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር ለማገናኘት በ1825 መቆፈር ጀምሮ በ1832 ተጠናቀቀ፤ ርዝመቱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

የከተማዋ ሰዎች ስለ አመሠራረቷ የሚተርኩት ነገር ለርእሳችን ልክ ነው። ቦዩ ሩበን ዶቭ የተባለ ገበሬ የስንዴ ማሳ ላይ አለፈ። ዶቭ ተናዶ መንግሥትን ሊከስ ተነሣ። ቦዩን የሚቆፍሩት ሠራተኞች ግን «ከመክሰስ ይልቅ እዚህ ላይ ከተማ ብትቆረቁር ይሻልሃል» ብለው መከሩት ይባላል። ምክሩን ሰማ፤ ከጆን ኮልማን ጋር ሆኖ በ1828 ቦታውን እየሸነሸነ መሸጥ ጀመረ። ስሙን ዊንቸስተር አሉት። ኦሃዮ ውስጥ ሌሎች ዊንቸስተሮች ስለነበሩም «ካናል» የሚለው ታከለበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዶቭ ማሳው ቢቆረስም የሚያካክስለት ነገር አገኘ፤ ምክንያቱም በበቅሎ የሚጎተተው ጀልባ በደጁ ሲያልፍ ይቆማል። እህል ይጭናል፣ ጨው ያራግፋል፣ ጀልባ ነጂው ይበላል፣ ይጠጣል። በ1869 የሆኪንግ ሸለቆ ባቡር ሲመጣም ነገሩ ያው ነበር። ባቡሩ ከቦዩ ጀልባ ይልቅ ይጮኻል፣ ያጨሳል፤ ነገር ግን ጣቢያው ከተማው መሀል ነው። ጩኸቱን የሰማ ሰው ጥቅሙንም ያገኝ ነበር። ቦዩ ከ1913ቱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ ጨርሶ ሞተ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። ዛሬ ለከተማዋ ቦዩንም ባቡሩንም የተካው ከኮሎምበስ ወደ ላንካስተርና ወደ አቴንስ የሚወስደው 33 ቁጥር አውራ ጎዳና ነው።

እኛና አስፋልት

የእኛ ጆሮ ለምን ይህን ጥያቄ እንደማይጠይቅ ለመረዳት ወደ አገር ቤት ብቅ ማለት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1950 ከዓለም ባንክ ብድር ስትወስድ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ከብድሩ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ የዋለ ነው። በማግሥቱ፣ በ1951፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በመጣው መንግሥት ሁሉ ዘመን መንገድ የልማት መለኪያ ሆኖ ኖረ። «አስፋልት ገባልን» ማለት መብራት፣ ሐኪም ቤት፣ ገበያ ሊመጣ ነው ማለት ነው። መንገድ ለሌለው ሕዝብ የመኪና ድምፅ የምሥራች ነው፤ በዚህ የሚስቅ ካለ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተሸክሞ ያልሄደ ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ መንገድ ዳር ያለ ቤት ይከብራል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው «ከአስፋልት ስንት ሜትር ይገባል?» ብሎ የሚጠይቀው ቅርበቱን ፈልጎ ነው። የግቢው አጥር ይነደልና ሱቅ ይሆናል፤ ሱቁ ይከራያል፤ ሻይ ቤት ይከፈታል። ዱከምን የሚያውቅ ሰው የሥጋ ቤቶቿን ስም ያስጠራው የናዝሬት መንገድ መሆኑን ያውቃል። ሩበን ዶቭና የዱከም ባለ ሥጋ ቤት ቢገናኙ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ።

ቤት ራሱ ደግሞ ለእኛ ትውልድ ተራ ዕቃ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የስንቱን ቤተሰብ ጥሪት በአንድ ቀን እንደወሰደ፣ ስንቱስ ተከራይ በዚያው ቀን እፎይ እንዳለ የሚያስታውሱ ወላጆች ልጆች ነን። በቀበሌ ቤት አድጎ አሜሪካ የመጣ ሰው በስሙ የተመዘገበ ቤት ቁልፍ ሲቀበል የሚሰማውን ስሜት ባንክ ሊረዳው አይችልም። ይህ ስሜት ግን ያጣድፋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በሁለት ቀን ውስጥ አይቶ በሦስተኛው የሚፈርም ሰው ለጆሮው ጊዜ የለውም።

ጩኸትና ጥቅም የተለያዩበት ዘመን

ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሰኔ ወር 1956 የፈረሙት የአውራ ጎዳና ሕግ 41,000 ማይል የሚሆን የኢንተርስቴት መረብ እንዲሠራ አዘዘ፤ ከወጪው 90 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት ተሸከመ። የዚህ መንገድ አዲስ ነገር ስፋቱ ብቻ አልነበረም። መግቢያና መውጫው የተቆጠረ፣ በአጥር የተከለለ፣ ደጃፍ የሌለው መንገድ ነው። መውጫው አጠገብ ያለ ነዳጅ ማደያና ምግብ ቤት ይጠቀማል። በሁለት መውጫዎች መካከል ያለ ቤት ግን ድምፁን ሁሉ ይሰማል፤ አንድም መኪና ደጁ ላይ አይቆምለትም። ከቦዩና ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ አብረው የኖሩት ጩኸትና ጥቅም እዚህ ላይ ተፋቱ። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሀይዌይ ዳር ያለ ቤት የሚረክሰው፣ አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልት ዳር ያለ ቤት የሚወደደው በዚህ ፍቺ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ጥቅሙ ለአንዱ፣ ጩኸቱ ለሌላው ሲደርስ ዕጣው ለማን ወጣ? እዚያው ኮሎምበስ ውስጥ መልሱ ተጽፏል። ከካናል ዊንቸስተር ብዙ የማይርቀው ሎክበርን ስሙን ያገኘው ከቦዩ በሮች ነው። እዚያ በነበረው የአየር ኃይል ሠፈር በ1946 በኮሎኔል ቤንጃሚን ዴቪስ (ልጅየው) የሚመሩት ዝነኛዎቹ የተስኪጊ ጥቁር አብራሪዎች ሰፈሩ። ከጦርነቱ የተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ቤት መግዛት ፈለጉ፤ አብዛኛው ሰፈር ግን ዝግ ነበር። በከተማው ምሥራቅ በሃንፎርድ መንደር፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ስም የተሰየመ የአዳዲስ ቤቶች ሰፈር ተሠራላቸውና ገዙ። አንድ ትውልድ እንኳ ሳይሞላ፣ በ1960ዎቹ፣ ኢንተርስቴት 70 ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆት አለፈ። የተረፈው ክፍል በ2013 በብሔራዊ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት አለፍ ሲባል ደግሞ ኢንተርስቴት 71 የጥቁሮች የንግድና የሙዚቃ ማዕከል የነበረውን የማውንት ቨርነን ጎዳና አካባቢ ከመሀል ከተማው ቆርጦ ለየው።

በዚያው ክፍለ ግዛት፣ በዚያው ዘመን፣ ክሊቭላንድ አጠገብ ባለው ባለጸጋ ሰፈር በሼከር ሃይትስ በኩል ክላርክ ፍሪዌይ የተባለ መንገድ እንዲያልፍ ታቅዶ ነበር። ነዋሪዎቹ ተደራጁ፤ ሴቶቹ ቀዳሚ ሆኑ፤ በ1966 መንገዱ ሊያልፍበት በታሰበው የሐይቆች ዳርቻ የተፈጥሮ ማዕከል አቋቋሙ። በ1970 ዕቅዱ ተሰረዘ። ሃንፎርድ ተሰነጠቀ፤ ሼከር ተረፈ። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ የመንገድ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ እንዳይመስለን አንድ ሰነድ ልጨምር። የቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር በ1938 ያወጣው የገማቾች መመሪያ፣ ፈጣን የትራፊክ መንገድ «የማይጣጣሙ» ነዋሪዎችና አገልግሎቶች ወደ አንድ ሰፈር እንዳይስፋፉ እንደ መከለያ ሊያገለግል እንደሚችል ይገልጽ ነበር። «የማይጣጣሙ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ለአንባቢ ማብራራት አያሻም። ዘረኛ የቤት ሽያጭ በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። እኛ ዛሬ ያለ ማንም ከልካይ ኦሃዮ ውስጥ ያሻንን ቤት የምናየው እነዚያ ቀዳሚዎች ታግለው በከፈቱት በር ገብተን ነው፤ የምንነዳውም በፈረሰ ጓሯቸው ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወገኖቻችን «ግንብ ይሠሩልናል» በሚል ተስፋ ይገዛሉ። ተስፋው ከየት እንደመጣና እስከ የት እንደሚያደርስ ማወቅ ይጠቅማል። የ1970ው የአውራ ጎዳና ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት የመንገድ ድምፅ መመዘኛ እንዲያወጣ አዘዘ። በ1972 አጠቃላይ የድምፅ ቁጥጥር ሕግ ወጣ፤ ሥራውን የሚመራው የፌዴራል ቢሮ ግን በሬገን ዘመን መጀመሪያ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በጀቱ ተቋረጠ። ሕጉ አልተሻረም፤ ሠራተኛው ነው የተሰናበተው።

በመንገዶች አስተዳደር ደንብ መሠረት ለመኖሪያ ቤት የተቀመጠው መመዘኛ ውጭ ሆኖ ሲለካ በሰዓት አማካይ 67 ዴሲቤል ነው። ድምፁ ወደዚህ ሲጠጋ መከላከያ ይታሰባል፤ «ይታሰባል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። የሚታሰበውም አዲስ መንገድ ሲሠራ ወይም ነባሩ ሲሰፋ ነው። ነባር መንገድ ዳር ላለ ነባር ሰፈር ግንብ መሥራት ለየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ የተተወ ነው። ደግሞም የመንገዱ የአካባቢ ጥናት ጸድቆ ለሕዝብ ከታወቀ በኋላ የመጣ ግንባታ መከላከያ እንዲሠራለት መንገድ ሠሪው ግዴታ የለበትም። እንግዲህ «መንገዱ ቀደመ ወይስ ቤቱ?» የሚለው ጥያቄ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ሆኖ የሕግ መልስ አለው። ብዙዎቹ አዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ ከመንገዱ በኋላ የመጡ ናቸው።

የኦሃዮ ሕግም ለገዢ ብዙ አያዝንም። ሻጭ የሚሞላው የቤት ሁኔታ መግለጫ ቅጽ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ቤዝመንቱ ውኃ፣ ስለ ምስጡ ይጠይቃል፤ ስለ ሀይዌይ ድምፅ የተለየ ጥያቄ የለውም። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በሌይማን እና ቢንስ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሻጭ እስካላጭበረበረ ድረስ ገዢ መርምሮ ሊያየው ይችል ለነበረ ጉድለት ኋላ ሊከስ እንደማይችል አጽንቷል። ጉዳዩ የጎበጠ የቤዝመንት ግድግዳ ነበር። ግድግዳ እንዲህ ከሆነ፣ መኪናውን አቁሞ መስኮት ዝቅ ቢያደርግ ይሰማው የነበረ ጩኸትማ ምን ይባላል? «ገዢ ይጠንቀቅ» ነው ነገሩ።

እንዴት ይሰማ?

ወዳጆቼ ቤት ሲያዩ አንዳንዴ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አንድ ወዳጄ በሪከንባከር የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሌሊት ይሠራል። (ሪከንባከር የቀድሞው የሎክበርን ሠፈር ነው፤ ታሪክ ዞራ እዚያው ናት።) ካናል ዊንቸስተር ውስጥ ከ33 ቁጥር መንገድ ጀርባ ያለ ቤት በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሐምሌ፣ ዛፉ ሁሉ ለምልሞ ሳለ አየና ወደደው። ባለቤቱ ግን ማክሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተመልሰን እንድናየው ጠየቀች። ሄድን። ጓሮ ቆመን ድምፃችንን ከፍ ሳናደርግ መነጋገር አልቻልንም። እሱ «ይለመዳል» አለ። እሷ «አንተ ቀን ነው የምትተኛው፤ እማዬስ ስትመጣ ቀኑን ሙሉ እዚህ ማን ሊውል ነው?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጩኸት ሲነሣ የሚታወሰኝ የዴሲቤል ቁጥር ሳይሆን ይህ ጥያቄ ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናቶቻችን መኪና አይነዱም፤ ቤቱን ከባለቤቱ ይልቅ የሚኖሩት እነሱ ናቸው።

ለአንባቢ ይጠቅም እንደሆነ ጥቂት ነጥቦች ልጥቀስ። ዴሲቤል እንደ ገንዘብ አይደመርም፤ የመኪናው ቁጥር እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው በ10 ሲጨምር ነው። ስለዚህ መንገዱ በየዓመቱ ሲበዛበት ሳናውቀው እንከርማለን። የላንካስተር መቀየሪያ መንገድ በ2005፣ የኔልሰንቪል ደግሞ በ2013 ሲከፈቱ 33 ቁጥር ለረጅም ርቀት ጭነት ይበልጥ የተመቸ ሆኗል። የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር እንደሚያስረዳው በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ አንድ ከባድ የጭነት መኪና የ28 የቤት መኪኖችን ያህል ይጮኻል። እንግዲያው መቁጠር ያለብን የጭነት መኪናዎችን ነው።

ዛፍ አያታልለን። ድምፁን በግማሽ ለመቀነስ 60 ሜትር ስፋት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ያስፈልጋል፤ የኦሃዮ ዛፍ ደግሞ በኅዳር ቅጠሉን ያራግፋል። ጸጥ ባለና ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ስለሚቀዘቅዝ ድምፁ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ከሩቅም ይሰማል። ነፋስ ከመንገዱ ወደ ቤቱ የሚነፍስ ከሆነ ይብሳል። ስለዚህ ቤቱን በሥራ ቀን ንጋት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ቢቻል በክረምት፣ መስኮት ከፍቶና ዘግቶ መስማት ነው። ዋጋ የለውም፤ ቤንዚንና እንቅልፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2018 የመንገድ ድምፅ በቀንና ሌሊት ድምር መለኪያ ከ53፣ በሌሊት ደግሞ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። አለካኩ ቢለያይም አሜሪካ መከላከያ ማሰብ ከምትጀምርበት 67 ጋር ሲተያይ ርቀቱ ሰፊ ነው። በመካከሉ ያለው የሰው እንቅልፍና የልብ ጤና ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። «ስደተኛ አማርጦ አይገዛም። ሀይዌይ ዳር ያለው ቤት የሚረክስ በመሆኑ ነው ቤት ያገኘነው። ዝምታ የሀብታም ዕቃ ነው።» እውነት ነው። የአንድ ቤተሰብ የመጀመሪያ ቤት መሰላል ነውና የመጀመሪያውን እርከን አልነቅፍም። የምለው፣ ቅናሹ የምን ቅናሽ እንደሆነ ይታወቅ ነው። ያወቀ ገዢ ዋጋውን ያስቀንሳል፤ መኝታ ቤቱን ከመንገዱ ተቃራኒ ያደርጋል፤ ለመስኮት ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ሲሸጥም ያው ቅናሽ ተመልሶ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ያላወቀ ገዢ ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከግል ግዢ አልፎ የሚሄድ ነገርም አለ። ሼከር ሃይትስን ያዳነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ስብሰባ መሄድም ነበር። መንገድ ሲሰፋ፣ መጋዘን ሲፈቀድ፣ የመሬት አጠቃቀም ሲቀየር ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ይጠራል። እኛ ስለ አራት ኪሎ እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች ግብር የምንከፍልበት ከተማ ስብሰባ ላይ ስንቶቻችን ተገኝተናል? ግንብ የሚገባው ሰፈር የነዋሪዎቹ ድምፅ ሲጠየቅ መልስ የሰጠ ሰፈር ነው።

ትምህርቱ ለአገር ቤትም ይሠራል። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ በየሰፈሩ መካከል ሲያልፍ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥርና በድልድይ ተለያየ። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፍጥነት መንገድ ደጃፍ የሌለው፣ የታጠረ፣ በክፍያ የሚያስገባ የመጀመሪያው መንገዳችን ነው፤ ዱከምን በጎኗ ያልፋታል እንጂ አይቆምላትም። መንገዱ የሚጠቅም መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን እኛም ጩኸትና ጥቅም ወደሚፋቱበት ዘመን ገብተናል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ መመዘኛ እንዲወጣ ያዛል፤ ሕጉ ካለ አስፈጻሚውን መጠየቅ የዜጋ ሥራ ነው። አሜሪካ ሃንፎርድን ከሰነጠቀች በኋላ የተማረችውን እኛ ሳንሰነጥቅ ልንማረው እንችላለን። መንገድ ይሠራ፤ የሚያልፍበት ሰውም ይጠየቅ።

ቸር እንሰንብት።